የመጀመሪያዋ ደቂቃ፦ ለደቡብ ጎንደር ዞን ጤና መምሪያ ግልጽ ደብዳቤ

ለደቡብ ጎንደር ዞን ጤና መምሪያ
ደብረ ታቦር

ግልባጭ፦ ለደራና ለፎገራ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች፤ ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ

ጉዳዩ፦ ሳይተነፍሱ ለሚወለዱ ሕፃናት የሚሰጠው እርዳታ በማዋለጃ ክፍል ውስጥ ዘወትር ልምምድ እንዲደረግበት ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

የምጽፍላችሁ ከሐሙሲት ነው። አዋላጅ ነኝ፤ የሥራ ዘመኔንም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ነው ያሳለፍኩት። አንድን ተቋም ለመክሰስ አልተነሣሁም። የምናገረው ነገር በአንድ ወረዳ የተወሰነ አይደለም፤ በአገሩ ሁሉ ያለ ነው። በግልጽ የጻፍኩት እናቶችና አባቶችም እንዲያነቡት ብዬ ነው፤ ልጁ የእነሱ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እናቶችን «ቤት አትውለዱ፣ ወደ እኛ ኑ» ብለን ስንለምን ኖረናል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በር አንኳኩ፣ አምቡላንስ ተገዛ፣ የእናቶች ማቆያ ተሠራ፣ ገንፎው ሳይቀር በጤና ጣቢያ ግቢ ተገነፋ። እነሱም መጡ። በ2016ቱ አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በጤና ተቋም የተወለዱት ከመቶ 26 ነበሩ፤ በ2019ኙ አነስተኛ ዳሰሳ 48 ደረሱ። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት ሕፃናት ግን በፊተኛው ዳሰሳ ከ1,000 29፣ በኋለኛው 33 ሆነው ተመዘገቡ። ዳሰሳ በናሙና የሚሠራ ስለሆነ «ጨመረ» ለማለት አልደፍርም። አለመቀነሱን ግን ማንም አይክድም። የክልላችን ቁጥር በ2016ቱ ዳሰሳ፣ ከዚያ በፊት የነበሩትን 10 ዓመታት አጠቃሎ፣ ከ1,000 47 ነበር። እናቲቱ ቤቷ ስትወልድ ለልጁ ሞት ሰበብ የምናደርገው መንገዱን፣ ልማዱን፣ ድህነቱን ነበር። አልጋችን ላይ ከወጣች በኋላ ግን ጥያቄው ለእኛ ነው።

አዲስ የተወለዱ ሕፃናትን በብዛት የሚገድሉት ያለጊዜ መወለድ፣ ኢንፌክሽንና በወሊድ ጊዜ መታፈን ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙ መሣሪያ፣ ብዙ መድኃኒት፣ ብዙ ቀን ይጠይቃሉ። ሦስተኛው በአብዛኛው የሚፈልገው ደረቅ ጨርቅ፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጥ ከረጢት)፣ ማስክና የለመደ እጅ ነው። ስለዚህ ስለ እሱ ብቻ ልጻፍ።

ሳይተነፍስ የተወለደ ልጅ ውስጡ ምን እየሆነ እንዳለ ያወቅነው መጀመሪያ ከሰው አይደለም። በ1960ዎቹ ጄፍሪ ዶውስ የተባለ የኦክስፎርድ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር አዲስ በተወለዱ የጦጣ ግልገሎች ላይ አጠናው። አየር ያጣ ግልገል መጀመሪያ ለመተንፈስ ይታገላል፤ ከዚያ ትንፋሹ ይቆማል። በዚህ ጊዜ ቢያሹት ይነሣል። ካልተረዳ ጥቂት አጣጥሮ ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ይላል። ከዚህ በኋላ ማሸትም፣ መጥራትም፣ ቀዝቃዛ ውሃ መርጨትም አይመልሰውም፤ አየር ሳንባው ካልገባለት ልቡም ትከተላለች። የእኛ ችግር እጃችን ላይ የዛለው ልጅ የመጀመሪያው ይሁን የሁለተኛው ዝምታ ላይ ያለ በዐይን አለመለየቱ ነው። ምጡ ረዝሞበት፣ የመጀመሪያውን ማሕፀን ውስጥ ጨርሶት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ጠርገንና አሽተን መልስ ካላገኘን፣ የባሰውን አስበን አየር መስጠት ነው ያለብን።

ይህን በፎገራ ሜዳ ሁኔታ አስቡት። ሐምሌና ነሐሴ ርብና ጉማራ ከአፋቸው አልፈው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ ከናበጋና ከሺና በኩል ያለች ወላድ በታንኳ ተሻግራ፣ በቃሬዛ ተይዛ ነው አስፋልት የምትደርሰው። ምጡ ከጀመራት ስንት ሰዓት እንደሆነ የሚነግረን እንኳ የለም። ከሴቶቹ «ማርያም ማርያም» ጋር ትገባለች፣ ትወልዳለች፣ ልጁ ዝም ይላል። ለእናቲቱ ደም ወይም ኦፕራሲዮን ቢያስፈልግ ሪፈር እንጽፋለን። ለዚህ ልጅ ግን ሪፈር የሚባል ነገር የለም። ደብረ ታቦርም ሆነ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆኑ በአንድ ደቂቃ አይደረስባቸውም። ያለው ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍላችን ጠረጴዛ ነው።

በዚያ ደቂቃ ውስጥ መሆን ያለበትን ከሙያው ውጭ ላላችሁት ልንገራችሁ። ልጁ እናቱ ሆድ ላይ በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል፤ እርጥቡ ጨርቅ ተጥሎ በሌላ ደረቅ ይሸፈናል፤ ጀርባው ሁለት ሦስት ጊዜ ይታሻል። አላለቀሰም። እትብቱ ይታሰርና ይቆረጣል፣ ልጁ ወደ ጠረጴዛው ይሄዳል። አንገቱ ወደ ኋላ ብዙ ሳይቀለበስ፣ ወደ ደረቱም ሳይታጠፍ ቀና ይደረጋል። ለደረሰ ልጅ ቁጥር 1፣ ለትንሹ ቁጥር 0 ማስክ፤ አገጩን፣ አፉንና አፍንጫውን የሚይዝ፣ ዐይኑን የማይጫን። ከዚያ መጭመቅ፣ መልቀቅ፤ በደቂቃ 40 ያህል። ዐይናችን ያለው ደረቱ ላይ ነው። ደረቱ ካልተነሣ አየሩ በማስኩ ጠርዝ እያመለጠ ነው፤ የተቀደደ ወናፍ ከሰል አያግልም። ማስኩን እንደገና ማስቀመጥ፣ አንገቱን ማስተካከል፣ አፉን ትንሽ መክፈት፣ ጠንከር አድርጎ መጭመቅ ነው። ብዙው ልጅ እዚህ ላይ ይመለሳል። ደረት መጫንና መድኃኒት መስጠት የሚያስፈልገው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል በሰሜን ታንዛኒያ ገጠር ባለው ሃይዶም ሉተራን ሆስፒታል ተለክቷል። ሄገ ኤርስዳልና ባልደረቦቿ በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ አምቡ ባጉ ሳይጀመር ባለፈ በየ30 ሰከንዱ ልጁ የመሞት ወይም ታምሞ ተኝቶ የመቆየት ዕድሉ በ16 ከመቶ ይጨምር ነበር። «ምናልባት መጀመሪያውኑ የባሰባቸው ልጆች ናቸው የዘገየባቸው» ብሎ የሚከራከር አይጠፋም፤ በትዝብት የተሠራ ጥናት ነውና ክርክሩ አግባብ አለው። የዶውስን ግልገሎች ሳስታውስ ግን ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ አልጠራጠርም።

እንግዲህ ይህችን ደቂቃ ምን ይበላታል? ከሁሉ በላይ ሳክሽን። ልጁ ዝም ካለ እጃችን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ መምጠጫው ነው። ተምረነዋል፣ ለምደነዋል፣ የሆነ ነገር የሠራን ያስመስለናል። በ2004 ኔስቶር ቫይንና ባልደረቦቹ የእንሽርት ውሃቸው በመኮኒየም (በሕፃኑ የመጀመሪያ ሰገራ) የተበከለ 2,514 ሕፃናትን በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ግማሾቹ ትከሻቸው ሳይወጣ አፍና አፍንጫቸው እንዲመጠጥ፣ ግማሾቹ እንዳይመጠጥ አደረጉ። ልዩነት አልተገኘም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2012 መመሪያው ውሃው ንጹሕ ከሆነ መምጠጥ እንደማያስፈልግ በግልጽ አስቀምጧል። መምጠጫውን ጉሮሮ ድረስ መክተት ደግሞ የልብ ምቱን ሊያወርደው ይችላል። አፉ በእርግጥ ከተዘጋ ይጠረግ፤ ከዚያ ያለፈው ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ኦክሲጅን ፍለጋ ነው። ደጅ የቆመው ቤተሰብም የሚጠይቀው እሱን ነው፦ «ኦክሲጅን የላችሁም እንዴ?» ይህን ለሚጠይቁ ሁሉ መልካም ወሬ አለኝ። ለረጅም ዘመን በሀብታሞቹ አገሮች ሳይቀር ዝም ያለ ልጅ መቶ በመቶ ኦክሲጅን ይሰጠው ነበር፤ ይሻላል የሚል ማስረጃ ሳይኖር፣ የሚሻል ስለመሰለ ብቻ። ኖርዌጃዊው ሐኪም ኦላ ሳውግስታድ ይህን ጠርጥሮ ተነሣ። ሕንድና ግብጽ ያሉበት፣ 609 ሕፃናትን የያዘው የ1998ቱ ጥናት በክፍሉ አየር የተረዱት ከሌሎቹ እንዳልተጎዱ፣ እንዲያውም ፈጥነው እንዳለቀሱ አሳየ። ተከታታይ ጥናቶች ሲደመሩ ደግሞ በአየር በተረዱት ላይ ሞት በ30 ከመቶ ገደማ ያነሰ ሆነ። ከ2010 ጀምሮ ዓለም አቀፉ መመሪያ ጊዜውን ጠብቆ ለተወለደ ልጅ በአየር ጀምሩ ይላል። ሲሊንደር የሌለው ጤና ጣቢያ ለዚህ ልጅ ድሃ አይደለም ማለት ነው። አምቡ ባጉ የሚጨምቀው ያንኑ የሐሙሲትን አየር ነው፤ ይበቃዋል።

ሦስተኛው በአፕጋር መጠበቅ ነው። ቨርጂኒያ አፕጋር በ1953 ያሳተመችው መለኪያ ልጁ በአንደኛውና በአምስተኛው ደቂቃ እንዴት እንደነበር የሚመዘገብበት ነው። ነጥቡ እስኪሰጥ እጅን አጣጥፎ መቆየት ግን ደቂቃዋን ማሳለፍ ነው፤ እርዳታው ከነጥቡ ይቀድማል። እግሩን ይዞ ዘቅዝቆ መዳፍ ማሳረፍ ደግሞ አሁንም ፈጽሞ እንዳልጠፋ የምናውቅ እናውቃለን፤ ስለ እሱ ብዙ አልልም።

ማስረጃው ሁሉ የተሟላ ነው እያልኩ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ። ለአንዱ አምቡ ባግ ሰጥቶ ሌላውን ዝም ብሎ የተመለከተ ጥናት የለም፤ ሊኖርም አይገባም፤ ማን ይፈቅዳል? ደረት አጫጫንን የሚመለከተው እውቀታችን በአብዛኛው ከእንስሳትና ከመለማመጃ አሻንጉሊት የተገኘ ነው። ጥሩ የመሰለ ሐሳብ ሲፈተሽ የሚወድቅበትም ጊዜ አለ። ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በመጀመሪያው ትንፋሽ ሳንባቸውን ለበርካታ ሰከንዶች ነፍቶ ማቆየት ብዙ ደጋፊ ያገኘ ዘዴ ነበር። ከ23 እስከ 26 ሳምንት በተወለዱ 426 ሕፃናት ላይ ሲሞከር፣ በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት ዘዴው ከተሞከረባቸው 7.4 ከመቶ፣ ከሌሎቹ 1.4 ከመቶ ሆኑ፤ ጥናቱ ሳያልቅ ተቋረጠ፣ ውጤቱም በ2019 ታተመ። በማስክ ፋንታ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ መሣሪያ ካምፓላ በሚገኘው ሙላጎ ሆስፒታል ከ1,100 በሚበልጡ ሕፃናት ላይ ተፈትሾ፣ በ2020 በወጣው ውጤት ሞትንና የአንጎል ጉዳትን በመቀነስ ከማስኩ አልበለጠም። እኔ ይህን ሁሉ ሳነብ የማገኘው አንድ ነገር ነው፦ አዳዲሱ ነገር ሲመጣና ሲሄድ፣ ተራው ማስክ በተራ አየር እስካሁን ቦታውን አልለቀቀም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዬ ልምጣ፤ ሥልጠና።

በ2010 የተጀመረውን፣ በእኛም አገር የሚሰጠውን «ሄልፒንግ ቤቢስ ብሪዝ» (ሕፃናት እንዲተነፍሱ መርዳት) የተሰኘውን ሥልጠና የወሰድን አለን። ታንዛኒያ ውስጥ በ8 ሆስፒታሎች ተሰጥቶ፣ በ2013 በታተመው ውጤት በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱ ሕፃናት በ47 ከመቶ፣ በምጥ ጊዜ ሞተው ተወለዱ የሚባሉት በ24 ከመቶ ቀንሰዋል። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ይህን ነው። በዚያው ዓመት ከሃይዶም የወጣውን ሌላ ጥናት ግን የሚጠቅሰው ጥቂት ነው፤ ለእኛ የሚጠቅመን እሱ ነው። የአንድ ቀን ሥልጠና የወሰዱት አዋላጆች ከሰባት ወር በኋላም አሻንጉሊቱ ላይ ጎበዞች ነበሩ፤ እውነተኛው ልጅ ላይ የሚሠሩት ግን አልተለወጠም። ሆስፒታሉ ይህን አይቶ መንገዱን ቀየረ። አሻንጉሊቱ ማዋለጃ ክፍል አጠገብ ተቀመጠ፤ አዋላጆቹ በሳምንት ከ3 እስከ 5 ደቂቃ፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ 40 ደቂቃ ይለማመዱ ጀመር። በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሞቱት ከ1,000 ከ11.1 ወደ 7.2 ወረዱ፤ ውጤቱ በ2015 ታተመ።

የእኛ ሥልጠና እንዴት እንደሚሄድ ደግሞ ሁላችን እናውቃለን። ደብዳቤ ይመጣል፣ አንድ ሰው ይመረጣል፣ ከተማ ሆቴል ውስጥ ጥቂት ቀን ይቀመጣል፣ አበልና ሰርተፊኬት ይዞ ይመለሳል። አሻንጉሊቱ ከአሠልጣኞቹ ጋር ይሄዳል። የሠለጠነው ሰው በዓመቱ ይዛወራል። ሌሊት ተረኛ የሆነችው ልጅ ያንን ክፍል አላየችውም። አበሉን አልቃወምም፤ ደሞዛችን ይታወቃል። እጅ ግን በዓመት አንድ ቀን አይሠለጥንም። ደግሞስ በየወሩ ጥቂት ወላድ በሚመጣበት ጤና ጣቢያ አዋላጇ የታፈነ ልጅ ስንት ጊዜ ያጋጥማታል? ወራት ሊያልፉ ይችላሉ። ሲያጋጥማት ግን እጇ የትናንቱን ያህል መሆን አለበት። ሥራ ከሚበዛበት ይልቅ ሥራ የማይበዛበት ጤና ጣቢያ ነው ልምምዱን የበለጠ የሚፈልገው፤ እስካሁን ቅድሚያ የሚሰጠው ግን ብዙ ወላድ ላለው ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ስለ ሰው ነው። ልጁ በተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እናቲቱ እንዳትደማ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን መወጋት አለባት። በዚያችው ደቂቃ ልጁ አምቡ ባግ ይፈልጋል። ሁለቱም መመሪያ ትክክል ናቸው፤ አዋላጇ ግን ሌሊት ብቻዋን ናት። እዚህ ላይ ማንም ሊፈርድባት አይችልም። አዋላጅ ጨምሩ ብል በጀቱን ትጠቅሱልኛላችሁ፤ የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። በግቢው የሚያድር ሌላ ተረኛ ነርስ አለ። እሱም ማስክ መያዝና ደረት ሲነሣ ማየት ይማር፤ ልጁ ሊወለድ ሲል መጠራት የሥራ ድርሻው ሆኖ ይጻፍ።

ሦስተኛው ስለ መዝገባችን ነው፤ ለመጻፍም የሚከብደኝ እሱ ነው። በአርጀንቲና፣ በኮንጎ፣ በጓቲማላ፣ በሕንድ፣ በፓኪስታንና በዛምቢያ ገጠሮች የተካሄደ፣ በ2010 የታተመ ትልቅ ጥናት አለ። አዋላጆች ሠለጠኑ፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚሞቱት ሕፃናት ጉልህ በሆነ መጠን አልቀነሱም። «ሞተው ተወለዱ» ተብለው የተመዘገቡት ግን ከ1,000 ከ23 ወደ 15.9 ወረዱ። ማሕፀን ውስጥ ያለቀ ሕይወት በአምቡ ባግ አይመለስም። ስለዚህ ከእነዚያ ውስጥ በሕይወት ተወልደው፣ ስላላለቀሱ ብቻ እንደ ሞቱ የተቆጠሩ ነበሩ ማለት ነው። በእኛ መዝገብ «ሞቶ የተወለደ» ተብሎ የተጻፈው ሁሉ ሞቶ የተወለደ ነው ወይ? እናቲቱ ስትገባ የልጁ የልብ ምት ተሰምቶ፣ ቁጥሩና ሰዓቱ ከተጻፈ፣ ከተወለደ በኋላም አምቡ ባግ ተሞክሮ እንደሆነ ከተመዘገበ መልሱ ከዚያው ገጽ ላይ ይገኛል። ይህን የሚጽፍ ባለሙያ ግን እንደማይቀጣበት ማወቅ አለበት። የሚቀጣ ከሆነ መዝገቡ ሁልጊዜ ንጹሕ ይሆናል፤ ልጆቹም መሞታቸውን ይቀጥላሉ።

ለቤተሰብም አንድ ቃል። ሁሉም ልጅ አይመለስም። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ አየር በትክክል እየገባለት ለ10 ደቂቃ የልብ ምት ካልተገኘ ይቁም ይላል። እዚያ ስንደርስ እናቲቱን አጠገባችን አድርገን፣ የሠራነውን አንድ በአንድ ልንነግራት ይገባል። ልጇን ማቀፍ ከፈለገችም ማንም አይከልክላት።

ስለዚህ መምሪያውን የምጠይቀው በደራና በፎገራ በአስፋልቱ መስመር ካሉ ጤና ጣቢያዎች ሦስቱ ተመርጠው እንዲጀመርባቸው ነው። ለእያንዳንዳቸው አንድ መለማመጃ አሻንጉሊት፣ ከሁለቱም ቁጥር ማስክ ጋር የሚሠራ አምቡ ባግ፣ ከመጠባበቂያ ጋር። ተረኛ ሲቀያየር አምቡ ባጉ መዳፍ ላይ ተጨምቆ ይፈተሽ፤ አሁን በብዙ ቦታ እንደሚታየው ቁልፉ ከማን ጋር እንደሆነ በማይታወቅ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነላስቲኩ አይቀመጥ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ሰው በሚያመቸው ሰዓት፣ አምስት ደቂቃ ልምምድ ይደረግና ስምና ቀን ይፈረምበት፤ ለሱፐርቪዥን የሚመጣው ሰውም ሪፖርት ከመጠየቁ በፊት «እስቲ አሳዩኝ» ይበል። ሕፃኑን በአምቡ ባግና በማስክ መርዳት እኮ ከማንኛውም ጤና ጣቢያ ከሚጠበቁት 7 መሠረታዊ የድንገተኛ ወሊድ አገልግሎቶች አንዱ ነው፤ የጠየቅኩት ከተጻፈው የዘለለ አይደለም።

ወንዞቹ ከመሙላታቸው፣ መንገዱም ከመቆረጡ በፊት፣ ሰኔ ሳይገባ ቢጀመር ይመረጣል። በአስፋልቱ መስመር ያሉትን ባልደረቦቼን ለማለማመድ ያለ አበል ዝግጁ ነኝ። አሻንጉሊቶቹ የሚመጡበትን ቀንና የሚመረጡትን ጤና ጣቢያዎች ብታሳውቁኝ፣ የመጀመሪያውን ወር የልምምድ ተራ ከተረኞቹ ጋር አውጥቼ እልክላችኋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት አዋላጅ
ሐሙሲት